ቀይዋ ማንቆርቆሪያ

«እግዜር ያጽናችሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈብኝ በአባትሽ ምክንያት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ የቡና ስኒያቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ።

ለቅሶ ደራሾቹ ዞር ብለው አዩዋቸው። ከቀብሩ ሦስተኛው ቀን ነው። የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ፔርሙሱን እንደያዘች ከወንበሮቹ መሃል ቆማ ቀረች። በሦስት ቀን ውስጥ ቤታቸው የገባው ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበሩ» ብሎ ነው የወጣው። አባቷን የከሰሰ እኚህ የመጀመሪያው ናቸው።

«ሁለት ጊዜ!» አሉ ሽማግሌው ሁለት ጣታቸውን ቀስረው። «ዱቄት ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው አባትሽ የሚነዱት አውቶቡስ ላይ ነው። እንደ ሌሎቹ ሹፌሮች መስለውኝ! ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ ካለች አለቀ። ጥግ ይይዛሉ፣ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ወርደው ኮፈኑን ይከፍታሉ። እኛ ሥራ ረፈደብን ብለን እንጮሃለን፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን እንዲያውም ሰው ሁሉ አብሮ ሲሰድባቸው ቀና ብለው ‹ስድቡ በተራ ይሁን፤ ሁላችሁንም እሰማለሁ› አሉን።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሌላው ደግሞ በዝግታ «ፌርማታ» አለ። የአባቷ ቅጽል ስም ነበር፤ ደንበኛው የአውቶቡስ መቆሚያ እያለ በየመንገዱ የራሳቸውን መቆሚያ ስለሚፈጥሩ የወጣላቸው። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተሻገረ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያስታወሰው አፉን በእጁ ሸፈነ፣ ያላስታወሰው ሳቀ።

ሽማግሌው ግን ሳቁን አልተከተሉትም። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ምን ልበልሽ ልጄ፣ እንቅልፍ ይዞኝ የምሄደው እሳቸው ሲነዱ ብቻ ነበር። ሌላ ሹፌር ሲሆን እስክወርድ ድረስ የፊቱን ወንበር ጨብጬ ነው። ይሄን በሕይወት እያሉ ብነግራቸው ምን ነበረበት?»

«እኔም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ምኑን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ስኒያቸውን ሞላችላቸውና አለፈች።

ሶፋው ጥግ የተቀመጡት እናቷ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ቆርሰው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አየች። እናቷ ቀብር አልሄዱም። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተዝለፍልፈው ወድቀው፣ ጎረቤት ያለችው ነርስ ግፊታቸውን ለክታ «እሳቸው የትም አይሄዱም። ሰባት ቀን ከዚህ ቤት እንዳይወጡ» ብላ አስተኝታቸው ነበር። ሲነቁ ሁሉም ነገር አልቋል። «አርባ አራት ዓመት ሙሉ በር ድረስ ሳልሸኘው ወጥቶ አያውቅም» አሉ ያን ቀን። «የመጨረሻውን ጊዜ ተኝቼ ሸኘሁት።» ከዚያ በኋላ አላለቀሱም። ቀን ይቆጥራሉ። ልብስ ሰፊዋ ቃል ገብታላቸዋለች፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት በአባቷ መኪና መቃብሩ ድረስ ትወስዳቸዋለች።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር ቆማለች። አባቷ አውቶቡሱን አስረክበው ጡረታ ሲወጡ የገዟት የዕቃም የሰውም መጫኛ ናት። መኪናዋ በዕድሜ ከወንድሟ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ አባቷም «ታላቅህን አክብር» ይሉት ነበር በሯን ጓ አድርጎ ሲዘጋ። የሠፈሩን ምጥ ያደረሰች፣ የሠፈሩን ቁም ሣጥን ያጓጓዘች መኪና ናት። በየማታው ከሥሯ አንድ ካርቶን ይዘረጉላታል። ጠዋት ካርቶኑን ስበው መነጽራቸውን አድርገው ጠብታዎቹን ያያሉ፤ «ጋዜጣዬን ላንብብ» ነበር የሚሉት። ጥቁር ጠብታ ምን፣ ቡናማው ምን፣ ውሃው ምን እንደሆነ ከካርቶኑ ላይ አንብበው ሲያበቁ ነው ሻይ የሚጠጡት።

መንዳት ያስተማሯት በእሷው ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። መሪውን ጨብጣ፣ እግሯ ፍሬኑን ሲፈልግ፣ አባቷ ከጎኗ ሆነው እጃቸውን አነሱ።

«ማርሽ በኋላ። ፍሬን በኋላ። መጀመሪያ ሰላምታ።»

ቁልፉን በግማሽ አዞሩት። ዳሽቦርዱ ላይ ትናንሽ መብራቶች በሩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ አፏ ላይ ጠብታ የተንጠለጠለባት ማንቆርቆሪያ የምትመስል ቀይ ምልክት ነበረች።

«ይቺን አየሻት? የዘይት ግፊት ናት። የሞተር ደሙ ዘይት ነው፤ ደሙን በየሥሩ የሚያደርሰው ደግሞ ግፊቱ። ቁልፍ ስትከፍቺ ትበራለች፤ ‹ሰላም፣ አለሁ› ማለቷ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች፤ ‹ደህና ሁኑ› ብላ መሄዷ ነው። መሄዷን አትጥዪው፤ የሄደችው ደህና ስለሆንሽ ነው። እየነዳሽ ተመልሳ ከመጣች ግን መርዶ ነጋሪ ናት። ቤት ልድረስ፣ ጋራዥ ልድረስ ብሎ ነገር የለም። አቁሚ፣ አጥፊ፣ ውረጂ።»

«መጀመሪያውኑ ሰላም ባትለኝስ?»

አባቷ ትክ ብለው አዩዋት። ደስ ሲላቸው እንዲህ ነበር የሚያዩት። «እሱ ይብሳል» አሉ። «የታመመ ሰው ሲጮህ አትፍሪ። ዝም ሲል ነው መፍራት።»

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋና የአባቷ ታላቅ እህት ማጀት ገብተው ስኒ ያጥቡ ነበር። አክስትየዋ የቀብሩ ዕለት ጠዋት ከሩቅ ከተማ የመጡ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ፣ ልባቸው እንደ ጥጥ የሆነ ሴት ናቸው።

«አንቺ፣ ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ ምንድነው የምትደብቂው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስኒውን ፈተግሽው እኮ፤ አበባው ሊለቅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስኒውን ደፋችው። ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ለአክስቷ ነገረቻቸው።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አባቷ አውቶቡሱ ላይ ይዘዋት ወጡ፤ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዝናብ ይዘንባል፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ዳገቱ ወገብ ላይ ቀይዋ መብራት በራች፣ አባቷም አቆሙ። እሳቸው ዝናቡ ውስጥ ኮፈን ከፍተው ሲጎነበሱ ከላይ ስድቡ ወረደ። እብድ ነው ያለ አለ፣ ፈሪ ነው ያለ አለ፣ መንጃ ፈቃዱን ከወዴት አመጣው ያለ አለ። ከአጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ ጎንበስ ብላ «አንቺ ሚጢጢ፣ ከማን ጋር ነሽ? ሹፌሩ አባትሽ ነው እንዴ?» አለቻት።

«አይደለም። አላውቀውም» አለች።

ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። የዘይት ጨርቃቸውን ይዘው፣ ውሃ ከግንባራቸው እየወረደ። ሰምተዋል። ምንም ሳይሉ ገብተው ተቀመጡ። መብራቷን ያበራትም የተላጠች ሽቦ ሆና ተገኘች፤ ሞተሩ ምንም አልነካውም።

ማታ ሥራ ጨርሰው በእግራቸው ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቱ ዝምታው ከበዳት። «አባባ፣ ዛሬ እኮ በከንቱ ነው የቆምከው» አለች።

«አዎ» አሉ አባቷ። «ከአሥሩ ዘጠኙ በከንቱ ነው። አሥረኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ግን ቀድሞ የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ለአሥሩም እቆማለሁ።»

መንገዱን ውሃ ሞልቶት ነበር። ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት፣ ታዘለች። ውሃው መሃል ሲደርሱ «ስሚ እስቲ» አሉ፤ «የማታውቂው ሰው ሲያዝልሽ ዝም ትያለሽ?»

ጀርባቸው ላይ እንዳለች አለቀሰች፤ እሳቸው ሳቁ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ዳግመኛ በቁጣም በቀልድም አላነሱትም። «ይቅርታ አላልኩትም፣ አመሰግናለሁም አላልኩትም» አለች ልብስ ሰፊዋ ለአክስቷ። «ሠላሳ አራት ዓመት ነገ እለዋለሁ ስል…»

አክስትየዋ የተደፋውን ስኒ አነሡ። «አልሺው እንጂ» አሉ። «ታዘልሽለት አይደል? ምን ቀረሽ?»

ሰባተኛው ቀን ጠዋት እናትየው ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ከግቢው አበባ ቆርጠው ጭናቸው ላይ ይዘው ጠበቁ። እሳቸው፣ አክስትየዋና ሁለት ጎረቤት ሴቶች ከኋላ ተሳፈሩ። ወንድሟ ከፊት ገባ። ልጁ ሰባቱን ቀን ሙሉ ወንበር ሲያመጣ፣ ውሃ ሲያጓጉዝ፣ ዘመድ ከመናኸሪያ ሲያመላልስ የከረመው በዚህችው መኪና ነው፤ ፊቱ ከድካም ብዛት ገርጥቷል። እናትየው ግን «ዛሬ አንቺ ንጂ» ብለው መሪውን ለልብስ ሰፊዋ ሰጧት። ለቅሶ ደራሾቹ ሊሸኟቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

ቁልፉን በግማሽ አዞረች። የባትሪዋ መብራት በራች። የነዳጁ ቀስት ተነሣ። ማንቆርቆሪያዋ ያለችበት ቦታ ጥቁር ነው።

ቁልፉን መለሰችና እንደገና አዞረች። አሁንም ጥቁር።

«ምነው?» አሉ እናቷ ከኋላዋ።

«ማንቆርቆሪያዋ ሰላም አላለችኝም።»

«አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናላ» አለ ወንድሟ፤ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ። «አሮጌ መኪና ናት። ሂጂ በቃ፣ እማዬን አታስጠብቂያት።»

«ልጄ» አሉ እናቷ። ድምፃቸው የልመና ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ሲለምኑ ሰምታ አታውቅም። «ዛሬን ተዪው። ሰባት ቀን ጠበቅሁ። ቁልቁለቱን ወርዶ መድረስ ነው እኮ። ዕድሜዬን ሙሉ በየመንገዱ ቆሜያለሁ፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንደ ሌላው ሰው እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ ብታዞረው ሞተሩ ይነሣል፣ እናቷ ይደሰታሉ፣ በሩብ ሰዓት ይደርሳሉ። ከአሥሩ ዘጠኙ በከንቱ ነው። ግቢ ሙሉ ሰው እያያት ነው። አባቷ ዝናብ ውስጥ ቆመው ያን ሁሉ ስድብ ሲሰሙ ምን ይሰማቸው እንደነበር አሁን ገባት፤ እሳቸውም መሄድ ይፈልጉ ነበር። ከማንም በላይ መሄድ ይፈልጉ ነበር።

ቁልፉን ነቀለችው። «እማዬ፣ ይቅር በዪኝ። አልሄድም።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው አለቀሱ። ሰባት ቀን ሙሉ ያልወረደው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ከግቢው ውስጥ አንዱ «የአባቷ ልጅ» አለ፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልለየም።

ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ተንበረከከች። ከመኪናዋ ሥር የአባቷ ካርቶን አለ። እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ማንም አላነበበውም። መሃሉ ጥቁር ሆኖ በዘይት ርሷል፤ ትሪ ያክላል። ኮፈኑን ከፈተች፣ የዘይት መለኪያ ዘንጓን መዘዘች፣ ከበሩ ኪስ የአባቷን ጨርቅ አውጥታ ጠረገቻት፣ መልሳ ከተተች፣ መዘዘች። ከጫፏ በቀር ደረቅ ናት።

ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። እጁን ከሐዘን ኮቱ ኪስ ሲያወጣ መዳፉ ላይ ሽንብራ የምታክል አምፖል ነበረች።

«እኔ ነኝ የነቀልኳት» አለ። «የቀብሩ ቀን አክስቴን ከመናኸሪያ ሳመጣ፣ በቆምን ቁጥር ብልጭ ትላለች። አክስቴ ደግሞ ‹በቀይ መብራት አልሄድም፣ ወንድሜ ሲያስተምረኝ የኖረው ምን ሆነና!› ብላ ወርዳ አስፋልት ዳር ተቀመጠች። ቀብሩ ሊያልፈን ነው። ምን ላድርግ? ኮፈን ከፍቼ ዘጋሁ፣ በዳሽቦርዱ ሥር እጄን ሰድጄ አምፖሏን ነቀልኳትና ‹ተስተካከለ› አልኳት። ከዚያ ዛሬ ዘይት እጨምራለሁ፣ ነገ እጨምራለሁ…»

አክስትየዋ ከመኪናው ዘለሉ ማለት ይቀላል። «እኔ ደግሞ ‹አንተስ የአባትህ ልጅ› ብዬ ግንባሩን ስሜ መረቅሁት! በቀይ መብራት አልሄድም ስለው መብራቷን ገደላት!» አሉና፣ የልጁን ፊት ሲያዩ ቁጣቸው ከዳቸው። «አይዞህ፣ አይዞህ። ጥፋቱ የእኔም ነው። ወንድሜን እንድቀብር ብለህ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!»

ከሐዘንተኞቹ መካከል አንድ ቀጭን ሰው ጥቁር ኮቱን አውልቆ ለጎረቤቱ አሲዞ መጣ። መካኒክ ነው፤ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አድርጎ ሌላውን ጫፍ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ስለሚደግን ሠፈሩ ዶክተር ይለዋል። ጋራዡ ከማዕዘኑ ላይ ነው፤ ዕቃውን ይዞ ተመለሰና ከመኪናው ሥር ገባ።

«የዘይት ፊልትሮው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል» አለ ከሥር። «መኪናዋ እሳቸው ሲታመሙ ሦስት ወር ቆማለች አይደል? ሲነዷት ያንጠባጥባል። ሜዳ ላይ ስለዋላችሁ ነው የተረፋችሁት።» ወጥቶ ተቀመጠና እጁን አዘነበለ። «ቁልቁለት ስትወርዱ ያቺ የቀረችው ጭላጭ ወደ ፊት ትሸሻለች፤ ፓምፑ አየር ይጠጣል፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል። መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ከታች ያለውን መታጠፊያ ታውቁታላችሁ።»

ሁሉም ያውቀዋል። የጎረቤት ሴቶቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ልብስ ሰፊዋ ግንቡን ተደገፈች። በልቧ «አባባ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ ደግሞ በድምፅ፣ ሰው እየሰማ፣ «አመሰግናለሁ አባባ» አለች።

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዶክተር በክርኑ ጎሸም አደረገው። «እኔም በወጣትነቴ ነቅያለሁ» አለው። «አባትህ አምፖሏን አስይዘውኝ ‹አሁን ስትናደድብህ በምን ትነግርሃለች?› አሉኝ። ና፣ ዘይቱን አንተ ጨምር።»

እናትየው የመኪናውን በር ከፍተው ወጡ። በቀጥታ ሄደው ከተከፈተው ኮፈን አጠገብ ቆሙና «ወንበር» አሉ። ወንበር መጣላቸው፣ ተቀመጡ። በስንት መንገድ ዳር እንዲህ ተቀምጠው እንደሚያውቁ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል።

«መጀመሪያ ፌርማታ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ዓይናቸው ገና እርጥብ ነው።

«እማዬ?»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስልክ ቤት ለሥራ ልፈተን ስሄድ አውቶቡሱን አቆመው። እናንተ ስድብ የምታውቁ ይመስላችኋል? እኔ ወርጄ፣ ኮፈኑ ሥር ድረስ ሄጄ ነው የሰደብኩት። ‹አንተ ሹፌር ነህ ወይስ ፌርማታ?› አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ‹እመቤት፣ እስቲ ይቺን ጨርቅ ይያዙልኝ፤ ኪሴን ታቆሽሻለች› አለኝ።»

«ያዝሽለት?»

«ምን ላድርግ፣ ያዝኩለት። ፈተናው አለፈኝ። በማግስቱ ተመልሼ እሱ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ፤ ስድቤን ልጨርስ ብዬ።» ሳቃቸው መጣ፣ ከእንባው ጋር ተደባለቀ። «ያን ቀን ባይቆም እናንተም የላችሁ። በከንቱ ነበር ደግሞ የቆመው፤ ሞተሩ ደህና ነበር።»

ጥገናው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶክተር አዲስ ፊልትሮ ካሰረና ወንድሟ ዘይቱን ከሞላ በኋላ፣ የግፊት መለኪያ ሰዓቱን ገጥሞ ሞተሩን አስነሣ። ቀስቱ ከፍ ብሎ ቆመ። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠና «አልተጎዳችም። ዕድለኞች ናችሁ» አለ። ሞተሩን አጥፍቶ መለኪያውን ፈታ። ወንድሟ አምፖሏን በራሱ እጅ ወደ ቦታዋ መለሳት።

እንደገና ተሳፈሩ። በዚህ ጊዜ እናትየው ከፊት፣ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን በግማሽ አዞረች። ቀይዋ ማንቆርቆሪያ በራች።

«ቆይ» አሉ እናቷ። «አታስነሺው።»

እጇን ከቁልፉ ላይ ሳታነሣ ጠበቀች። እናትየው ወደ ዳሽቦርዱ ጠጋ ብለው በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረጉት፤ አቧራ አልነበረውም። ቀይዋን መብራት ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«በይ» አሉ በመጨረሻ። «አስነሺው።»

ሞተሩ ተነሣ። ማንቆርቆሪያዋ ለአፍታ ቆየችና ጠፋች።

እናትየው ዓይናቸውን ከጠፋችበት ቦታ ሳያነሱ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «ጨርቁን አምጪ» አሉ፤ «ልያዝለት።»

ልብስ ሰፊዋ በዘይት የጠቆረውን ጨርቅ ሰጠቻቸው። አራት አድርገው አጠፉትና ከአበባው ጎን፣ ጭናቸው ላይ ያዙት።